በሁለት ሚስማር መካከል

እናትየው ሞተው የተገኙት ተራ እየጠበቁ ነው።

ሳሎኑ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ ረጅም ጠረጴዛ አለ። ከጠረጴዛው ኋላ ባለቤታቸው ነጭ ጋዋን ለብሰው ቆመዋል፤ ከፊታቸው ደረቅ ከረሜላ በየቀለሙ የሞላባቸው ብልቃጦች ተደርድረዋል። ከጠረጴዛው ወዲህ ሁለት ወንበሮች አሉ። በአንደኛው ላይ እናትየው ጭንቅላታቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ በወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ እሽግ በመዳፋቸው እንደያዙ ቀርተዋል። የተጠራው ፖሊስ ሲገባ አዛውንቱ ቀና ብለው «ተረኛ» አሉት። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኚህን ሴት አይቀስቅሷቸው፤ ደክሟቸው ነው» ብለው ለመኑት።

ይህን ሰምቶ ሆዱ የማይባባ ሰው ካለ ቀሪውን ባያነብ ይሻለዋል፤ እኔም አልቀየመውም።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። አዛውንቱ ዕድሜ ልካቸውን ፋርማሲስት ነበሩ፤ ሰፈሩ «ቀማሚው» ነው የሚላቸው። መርሳት ሲጀምራቸው፣ ድሮ የተዘጋውን መድኃኒት ቤታቸውን ልክፈት እያሉ በየጠዋቱ ወጥተው ይጠፉ ነበር። ልመናም ቁጣም አላቆማቸውም። እናትየው ግን ብልሃተኛ ነበሩ፤ ሰውዬው ወደ መድኃኒት ቤቱ መሄዱን ካልተዉ መድኃኒት ቤቱ ወደሳቸው ይምጣ አሉ። ባዶ ብልቃጦች ሰብስበው አጠቡና ከረሜላ ሞሉባቸው፤ ጋዋኑንም ተኮሱት። ከዚያ ወዲያ እዚያ ቤት የገባ ሁሉ፣ ጎረቤትም ሆነ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ፣ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል፣ በሽታውን ይናገራል፣ እሽጉን ተቀብሎ አመስግኖ ይወጣል። ሰው ሁሉ እሽጉን ኪሱ ይከታል። እናትየው ብቻ እዚያው ፈተው ይውጡታል። «የሰጠኝን ካልዋጥኩማ ምኑን ሚስቱ ሆንኩት» ይሉ ነበር።

ሬሳው ተመርምሮ የሐኪሙ ቃል ሲመጣ ግን ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ቀረ። በሟቿ ደም ውስጥ የልብ መድኃኒት ከልክ በላይ ተገኝቷል። መድኃኒቱ የራሳቸው ነው፤ በቀን አንድ እንዲውጡ የታዘዘላቸው።

ጉዳዩ ለኢንስፔክተሯ ተሰጠ። ጡረታ ልትወጣ ጥቂት የቀራት ሴት ናት። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ወንፊት» ይሏታል፤ እሷም ታውቃለች፤ «ገለባ ማስቀረት መች ነውር ሆነና» ትላለች። ሰውን ሁሉ አንቱ ብላ ትጀምርና ወንበሩ ሳይሞቅ አንተ፣ አንቺ ትላለች፤ የሚቀየማት ግን አይቼ አላውቅም።

በሩን የከፈተላት ታናሽየው ልጅ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ።

«ብዙ አይድከሙ» አላት ገና ሳትቀመጥ። «ያደረገው አባቴ ነው። አውቆ አይደለም፤ ምኑን ያውቃል ብለው። የእማዬን የልብ ኪኒን ከከረሜላው ቀላቅሎ ሰጣት፤ እሷም እንደ ልማዷ ዋጠችው። አለቀ።»

«ሲሰጣቸው አይተሃል?»

«እኔማ ሥራ ላይ ነበርኩ። ግን ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? በዚያው ጠዋት ማንቆርቆሪያ አሳርሯል፤ ጓሮ ተጥሎ አገኘሁት፣ ሄደው ይዩት። ዛሬ ማንቆርቆሪያ፣ ነገ ቤቱን። ስንቴ ተናገርኩ፤ ማን ይስማኝ።»

«ምን ብለህ ነበር የተናገርከው?»

ወለሉን አየ። «እንደሱ ያሉትን የሚይዝ፣ በሩ ከውጭ የሚቆለፍ ቤት አለ። እዚያ ይግባ አልኩ። እማዬ ‹በመቃብሬ ላይ› አለችኝ። እህቴም አኮረፈችኝ። አሁን እንግዲህ እናንተ ‹እሱ ነው› ብላችሁ ከጻፋችሁ የኛ ፈቃድም አያስፈልግ። ይወስዱታል።»

ኢንስፔክተሯ ይህችን ያዘች። የዚህ ቤት ነገር በዚች ላይ ቆሟል፤ እሳቸው ናቸው ከተባለ ቀማሚው ከሚስታቸው ቀጥሎ ቤታቸውንም ሊያጡ ነው።

«እናትህን ሰሞኑን የሚያማቸው ነገር ነበር?»

«ምግብ አስጠልቷት ነበር። ደግሞ መብራቱ ቢጫ ሆነብኝ ብላ አምፖል አስቀየረችኝ። ነጭ የተባለውን አምጥቼ ገጠምኩላት፤ አሁንም ቢጫ ነው አለች። ሌላ አመጣሁ፤ እሱም ቢጫ። ‹ምን ዓይነት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው የወለድኩት› ብላ ስቃብኝ ነበር።» እሱም ፈገግ ሊል ሞከረ። ፊቱ ግን እምቢ አለውና አለቀሰ።

ጓሮ ቆሻሻው ውስጥ ማንቆርቆሪያው ቂጡ ጠቁሮ ተገኘ። ኢንስፔክተሯ ይዛው ወጥ ቤት ገባች። ምድጃው የጋዝ ነው፤ ማዞሪያዎቹ ግን የሉም፣ ተነቅለው ባዶ ዘንጋቸው ብቻ ቀርቷል። አስታማሚዋ ዕቃ እያጠበች ነበር። በየጠዋቱ የምትመጣ፣ ማታ የምትሄድ፣ ጎልማሳ ሴት ናት፤ ማንቆርቆሪያውን ስታይ እጇ ሳሙናው ላይ ቆመ።

«የምድጃው ማዞሪያ የት ነው?»

«ጋሼ እንዳይለኩሱት ተነቅሎ እትዬ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ነው የሚውለው። እኔም ስፈልግ ከሳቸው ነው የምቀበል።»

«የሞቱ ዕለትስ?»

«የዚያን ዕለትም ኪሳቸው ነበር። ሬሳቸው ሲነሣ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ይህን ማን አሳረረው?»

«ጋሼ ናቸው» አለች አስታማሚዋ፣ ለራሷም በማይሰማ ድምፅ።

«በምን ለኩሰው?»

አስታማሚዋ ማጠቧን ቀጠለች። ኢንስፔክተሯ አልተጫነቻትም። «የዚያን ዕለት ጠዋት ሻይ ጠጥታችኋል?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

«የት ተፈልቶ? ሲነጋ ገና ስገባ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። እትዬ ከዚህ ወዲያ ዛሬ እሳት አይነካም አሉ። እንዲያው በውሃ ዋልን።»

«ትልቋ ልጃቸውም?»

«እሷ ሱቅ ሄዳ ነበር። ስትመለስ መስኮት ከፋፍተን፣ ጭሱን አስወጥተን ጨርሰናል። አልነገርናትም።»

ኢንስፔክተሯ ራሷን ነቀነቀች። መስኮቱ ደፍ ላይ አንድ ነጭ የጥልፍ ክር ድውር ከነወረቀቱ ተቀምጧል። ሟቿ ጥልፍ ሠሪ ነበሩ። «ይኼስ?» አለች።

«አይ እሱንስ ይተዉት። ነጭ ክር ግዢ ይሉኛል፣ ገዝቼ እመጣለሁ፣ ‹ይኼማ ቢጫ ነው፣ መልሺ› ይሉኛል። ደጋግሜ አመላለስኩት። ባለሱቁ እንኳ ‹ከዚህ የነጣ ከፈለጉ በረዶ ይጥለፉበት› አለኝ። ዕድሜ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ዕድሜ ነው። ስንቱን ነገር ነው ዕድሜ ነው እያልን የምናልፈው፣ እግዜር ይይልን።

መኝታ ቤቱን ያሳየቻት ትልቋ ልጅ ናት። መምህርት ናት፤ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ እናቴን ላግዝ ብላ መጥታ ከሰነበተች ጥቂት ሆኗታል። ሁሉ ነገሯ ቀጥ ያለ ነው፣ አንገቷም ንግግሯም። በዚያ ቤት ተራ ጠብቃ የማታውቅ እሷ ብቻ ናት። አባቷ «ተረኛ» ሲሏት «አባዬ፣ መድኃኒት ቤቱ ከተዘጋ ቆየ፤ እኔ ልጅህ ነኝ» ትላቸዋለች። እሳቸውም ይደነግጣሉ፣ ያፍራሉ፣ ይረሱታል። እሷ ደግሞ ነገ ትደግመዋለች። ከመጥፎ ልብ አይደለም፤ የተሳሳተን ማረም እንጀራዋ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ዓይን የሚይዘው ክር ነው። በመነጽሩ ማኅደር ላይ ሰማያዊ ክር ታስሯል፤ ማኅደሩ በሚቀመጥበት መደርደሪያም ላይ ሰማያዊ። በቤት ጫማው አረንጓዴ፣ በአልጋው እግር አረንጓዴ።

«የእማዬ ዘዴ ነው» አለች ልጅቱ። «አባዬ ዕቃው የት እንደሚውል እንዲያስታውስ። ተመሳሳዩን ከተመሳሳዩ ጋር።»

«ጫማው የሴት ነው።»

«እሱማ… እማዬ ሁሉንም ነበር የምታስረው።»

ኢንስፔክተሯ የሟቿን የእጅ ቦርሳ አንሥታ ከፈተች። ከውስጠኛው ኪስ ሐምራዊ ክር፣ ከመክፈቻ ቁልፋቸውም ሐምራዊ ክር። ባል የሚስቱን ቦርሳ ከፍቶ ይበረብራል እንዴ፣ አለች በሆዷ።

ከራስጌው በላይ ግድግዳው ላይ ሁለት ትንንሽ ሚስማሮች ጎን ለጎን ተመትተዋል። በግራው ላይ ከቀይ ክር የተጎነጎነች ቀለበት ተንጠልጥላለች። በሁለቱ መካከል የግድግዳው ቀለም ብዙ እጅ እንደተመላለሰበት ፈግጓል። ከሥሩ ኮመዲኖው ላይ የልብ መድኃኒቱ ጠርሙስ አለ፤ አንገቱ ላይ ያው ቀይ ክር። የወር ነው ተብሎ የተገዛው ጠርሙስ ወሩ ሳይጋመስ ባዶ ሆኗል።

ኢንስፔክተሯ ቀለበቷን አወረደች፣ አገላብጣ አየቻት፣ መልሳ ሰቀለቻት። የሰቀለቻት ግን በቀኙ ሚስማር ላይ ነው።

«ከባድ ነው አይደል» አለች ለልጅቱ፣ «እንዲህ ያለ ቤት መያዝ።»

«አባዬ ዕቃ ያዛውራል። እኔ ደግሞ ዕቃ ከቦታው ሲነቃነቅ አልወድም። ከመጣሁ ጀምሮ ሥራዬ መመለስ ሆኗል። የማንኪያውን ወደ ማንኪያ፣ የጨርቁን ወደ ጨርቅ…» እያለች እጇን ሰደደች፤ ቀለበቷን ከቀኙ ሚስማር አንሥታ ወደ ግራው መለሰቻት። ምን እንዳደረገች እንኳ ልብ ያለች አትመስልም።

ብዙ ሬሳ ያየችው ኢንስፔክተር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ልጅቱ ግን የተቀመጠችው ለምርመራ መሰላት። በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋች። «ኢንስፔክተር፣ አባቴን አይንኩት። እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ ምን?»

«እናቴን የገደልኳት። ኪኒኑን ፈጭቼ በጠዋት ሻይዋ ጨመርኩት። ደክሟት ነበር፤ ላሳርፋት ብዬ ነው። ይጻፉት።»

«በሻይ ነው የምትይው?»

«አዎ፣ በሻይ።»

ኢንስፔክተሯ ረጅም ጊዜ አየቻት። ውሸታም ሰው ያስቆጣታል፤ ይህችኛዋ ግን አሳዘነቻት። «እሺ ልጄ። ሂጂና ፊትሽን ታጠቢ» አለች።

ቀጥላ ሳሎን ገብታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ተረኛ» አሉ ቀማሚው።

«እኔ ነኝ። ጉሮሮዬን ነው።»

«ያስልዎታል?»

«ሌሊት ሌሊት።»

ወረቀት ለመቁረጥ ዞር ሲሉ፣ ኢንስፔክተሯ ራሷ የምትውጠውን የደም ግፊት ኪኒን ከኪሷ አውጥታ ነጩ ከረሜላ ውስጥ ጣል አደረገች። አንድ ዓይነት ክብ ናቸው፣ አንድ ዓይነት ነጭ፤ እኔ ብሆን አልለያቸውም። አዛውንቱ ብልቃጡን ዝርግ ሳህን ላይ ገለበጡና በስስ ቢላ እየገፉ መቁጠር ጀመሩ። ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ነው፣ ወሬያቸው ስለ ዝናብ ነው። ኪኒኗ ጋ ሲደርሱ ቢላዋ ቆመች። ለብቻ ገፋ አደረጓት።

«ይችኛዋ ያለ ሐኪም ማዘዣ አትወጣም። ማዘዣ ይዘዋል?»

«አልያዝኩም።»

«እንግዲያው ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ከረሜላውን ጠቅልለው ሰጧት። ከዚያም ፊታቸው ባንድ ጊዜ ተለወጠ፤ ግራ እንደገባው ሕፃን አዩዋት። «ባለቤቴን በመንገድዎ አላዩዋትም? ቆየችብኝ።»

«አላየኋቸውም» አለች ኢንስፔክተሯ። ሌላ ምን ትበል።

ከደጅ ሆና የልብ መድኃኒቱን ላዘዘላቸው ሐኪም ደወለች።

«ያ መድኃኒት ባንድ ጠዋት የተወሰደ ነው ወይስ ሲጠራቀም የሰነበተ?»

«ኩላሊታቸው ደካማ ነበር፤ ሊጠራቀም ይችላል። በየቀኑ አንድም ሁለትም ትርፍ ከተዋጠ ውሎ አድሮ ይገድላል።»

«ሰው ነጭ ነገር ሁሉ ቢጫ መስሎ ከታየው፣ ምግብም ካስጠላው?»

«ማን ነበር እንደዚያ ያለው? እሳቸው ናቸው? የዚሁ መድኃኒት ምልክት ነው። ባንድ ጠዋት አይመጣም፤ ቀናት ይፈልጋል። አንድ ሰው ቀደም ብሎ ቢነግረኝ ኖሮ…»

አንድ ሰው ቢነግረው ኖሮ። አንዱ አምፖል ቀየረ፣ አንዷ ክር ቀየረች፤ የነገረው የለም።

ኢንስፔክተሯ እንደገና ወጥ ቤት ገባች። አስታማሚዋ ገና ሳትጠየቅ በሽርጧ ፊቷን ሸፈነች።

«ምድጃውን የለኮሱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ እትዬሽ። ለኩሰው ረሱት። አይደለም?»

«ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር» አለች ሴትየዋ። «አስምለውኛል። በየጠዋቱ ስገባ በጆሮዬ ‹ዛሬ ቀኑ ማን ነው?› ይሉኛል። የልጆቻቸው ስም ሲጠፋባቸው ጓዳ ገብተው እኔን ይጠይቃሉ። ‹እኔም እሱን እየሆንኩ ነው፤ ልጆቼ ከሰሙ ሁለታችንንም ይወስዱናል፤ አደራሽን› አሉኝ። አደራ በላ እንዳልሆን ብዬ… ሰው ገደልኩ እኔ?»

ኢንስፔክተሯ ትከሻዋን ያዝ አድርጋት ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ታናሽየው በሩ ጋ ቆመ። አስታማሚዋ መሬት መሬቱን እያየች ተቀመጠች። ትልቋ ልጅ እጇን አጣምራ፣ ለመታሰር እንደተዘጋጀ ሰው ቆማለች። ቀማሚው ከጠረጴዛቸው ኋላ ሆነው ሰው ስለበዛ ደስ ብሏቸዋል። «ግፊያ አያስፈልግም፣ ሁሉም ይደርሰዋል» አሉ።

«አጭር አደርገዋለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። «መጀመሪያ፣ አባታችሁ አይደሉም። ኪኒን ከከረሜላ ቀላቅዬ ፈትኛቸዋለሁ፤ ስማችሁ ቢጠፋቸውም እጃቸው አልረሳም። ለይተው አስቀሩብኝ። እናታችሁ እጅ የተገኘውም እሽግ ከረሜላ ብቻ ነው።»

ታናሽየው የአባቱን እጅ አየ።

«ሁለተኛ፣ ሻይ አይደለም።» ወደ ትልቋ ዞረች። «የዚያን ዕለት በዚህ ቤት ሻይ አልተፈላም ልጄ። ማንቆርቆሪያው ሲነጋ አሯል። አንቺ አላወቅሽም፤ ስለዚህ በሌለ ሻይ ውስጥ መድኃኒት ጨመርሽ። አባትሽን ለማዳን ነው፤ ገብቶኛል።»

«ምን?» አለ ወንድሟ። «አንቺ፣ ‹እኔ ነኝ› ብለሽ ነበር?»

«ሦስተኛ፣ ነገሩ ያንድ ጠዋት አይደለም። እናታችሁ ለቀናት ነጩ ሁሉ ቢጫ ሆኖባቸው ነበር። ሐኪሙ እንደሚለው መድኃኒቱ ሲበዛ ሰውን እንዲህ ያደርገዋል። ስለዚህ በየቀኑ ትርፍ ይውጡ ነበር። ማን አዋጣቸው? ማንም። በገዛ እጃቸው።»

«ራሷን ነው እንዴ?» አለ ታናሽየው።

«በፍጹም። ምድጃውን ከሳቸው በቀር የሚለኩስ አልነበረም፤ ማንቆርቆሪያውን ጥደው የረሱት እሳቸው ናቸው። ክሩም ለአባታችሁ አልነበረም። የሴት ጫማ ላይ፣ የሴት ቦርሳ ውስጥ ያለ ክር ለማን ነው? እናታችሁ እየረሱ ነበር። አስታማሚያቸው ታውቃለች፤ አስምለዋታል። እናንተ አባታችሁን ስታዩ እሳቸው ከኋላቸው ተደብቀው ይረሱ ነበር።»

አስታማሚዋ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

«ተረኛ» አሉ ቀማሚው በትዕግሥት።

«ኪኒኑንም በክር ነበር የሚያስታውሱት። ጠርሙሱ ላይ ቀይ ክር አለ፤ ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለበት። ጠዋት ቀለበቷ ግራው ሚስማር ላይ ካለች አልዋጥኩም ማለት ነው። ይውጡና ወደ ቀኙ ያዛውሯታል። ማታ ሲተኙ ለነገ ወደ ግራው ይመልሷታል። ግድግዳው በዚህ ፈግጓል። የገዛ ልባቸውን ባያምኑ ክሩን ያምናሉ። ብልሃታቸው ሠርቶላቸው ኖሯል፤ እስከ ቅርብ ጊዜ።»

«እና ምን ተፈጠረ?» አለ ታናሽየው።

«ከዋጡ በኋላ ቀለበቷ ወደ ግራው እየተመለሰች ታገኛቸዋለች። እሳቸውም አይተው አልዋጥኩም ይላሉ። ደግመው ይውጣሉ።»

«ማን ነው የሚመልሳት?»

ኢንስፔክተሯ እዚህ ላይ ቆመች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የምትል ሴት፣ ነገርን እስከ ጫፉ ካልፈተገች የማትተኛ ሴት፣ አፏ ተያዘ። ወደ ቀማሚው አየች። እሳቸው ናቸው ማለት ትችላለች። ማን ይመሰክርባታል? እሳቸውም ቢሰሙት ወዲያው ይረሱታል፤ በደሉን የሚሸከም ትከሻ የላቸውም። ግን ያን ካለች ነገ መኪና መጥቶ ከብልቃጣቸው ፊት ያነሣቸዋል፣ በሩም ከውጭ ይቆለፋል። እውነቱን ካለች ደግሞ… እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ለማን እንደሚጠራ ግን አይናገሩም።

«ማን ነው?» አለ ታናሽየው እንደገና። ዓይኑ ወደ አባቱ ሄደ። «እሱ ነው አይደል? ዕቃ የሚያዛውረው እሱ ነው።»

«የቱ ሚስማር ነው ያሉት?» አለች ትልቋ ልጅ።

ኢንስፔክተሯ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች።

«የቱ ነው ‹ዋጥኩ› ማለት?»

«ቀኙ።»

ልጅቱ ቀኝ እጇን አነሣችና መዳፏን አየችው። የተጣመረው እጇ ተፈታ፣ ቀጥ ያለው አንገቷ ጎበጠ።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ተይ እንግዲህ» አላት ወንድሟ። «አሁን እንኳ ተይ። በሻይ እንዳልሆነ ሰማሽ አይደል።»

«አሁን እየዋሸሁ አይደለም። በመጣሁ ማግስት ግራው ላይ አየኋት። ቦታዋ እዚያ ነው አልኩ። ጠዋት አልጋ ሳነጥፍ ቀኙ ላይ አገኛታለሁ፤ አባዬ ነው ያዛወራት ብዬ እመልሳለሁ። ከሰዓት ስገባ ደግሞ ቀኙ ላይ። ደግሜ እመልሳለሁ። በየቀኑ። እማዬ አንድ ቀን በር ላይ ቆማ ስመልሳት አየችኝ። ‹ምን እያረግሽ ነው?› አለችኝ። ‹እያስተካከልኩልሽ ነው› አልኳት። ‹እግዜር ይስጥሽ› አለችኝ።»

ወንድሟ ሄዶ ሊይዛት እጁን ዘረጋ፤ ግን የት እንደሚይዛት አላወቀም። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«አባታችሁ ከዚህ ቤት አይወጡም» አለች ኢንስፔክተሯ። «የምጽፈው ይህንን ነው። አንቺንም የሚከስ ሕግ የለም ልጄ። የማስርሽ በምን ነው? የምፈታሽም በምን እንደሆነ አላውቅም።» ቦርሳዋን አነሣች፣ ግን እግሯ አልሄድ አላት። ለነገሩ ወዴት ትሄዳለች፤ የመጣችበትን አግኝታለች፣ የሚረባ ነገር ግን አላገኘችም።

«ተረኛ» አሉ ቀማሚው። ሰው አለመነሣቱ እያሳሰባቸው ነው። «ኧረ ማን ነው ተረኛው?»

ትልቋ ልጅ ፊቷን ጠረገች። ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ከፊታቸው ቆመች። ልጅህ ነኝ አላለችም።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አሏት አባቷ። አንቱ አሏት።

«እዚህ ጋ» አለች፤ ደረቷን ነካች።

«ከጀመርዎት ቆየ?»

«ዛሬ ነው።»

ቀማሚው በሐዘኔታ አዩዋት። አንዱን ብልቃጥ አነሡ፣ ወደ ብርሃኑ አቀኑት፣ መልሰው አስቀመጡት። ሌላውን አነሡ፤ እሱንም መለሱት። ቀዩን፣ አረንጓዴውን፣ ነጩን። እስከ ጫፍ ሄደው ተመለሱ። ከረሜላ እንኳ አልሰጧትም፤ እሳቸው ለበሽታው የማይሆን ነገር የሚሰጡ ሰው አልነበሩም።

«ለዚህ የሚሆነው አጠገቤ የለም» አሏት። «ግን አይጨነቁ። ባለቤቴ አሁን ትመጣለች። እኔ እየረሳሁ ነው እንጂ፣ ምን የት እንዳለ እሷ አንድ አይጠፋትም። እዚያ ወንበር ላይ አረፍ ብለው ይጠብቋት።»

ልጅቱም እናቷ የሞቱበት ወንበር ላይ ተቀምጣ መጠበቅ ጀመረች።